የቀትር እንቅልፍ

ለለቅሶኛ የተነጠፈውን ሰሌን ዛሬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲሞቅ የደረቀ ዘንባባ ሸተተኝ፤ ሽታውም ወደ ሰቆጣ ወሰደኝ፣ ባለቤቴ ገና ባለቤቴ ሳይሆን መምህሩ ብቻ ወደነበረበት ጊዜ።

በንጉሡ ዘመን ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ለሕፃናቱ ክፍል በረዳትነት የተቀጠርሁ ልጃገረድ ነበርሁ። እሱ ሕፃናት እንዴት እንደሚማሩ እንዲያይ ባሕር ማዶ ተልኮ መመለሱ ነበር። ባየው አገር ሕፃን አይገረፍም፤ በጭቃና በእንጨት እየተጫወተ ይማራል፤ ከምሳ በኋላም ይተኛል። ይህንኑ በኛ ክፍል ሊጀምር ሲል በጭቃው የልጆቹ እናቶች ሳቁ። እንቅልፉ ግን አላሳቃቸውም።

መጀመሪያ ቀን ልጆቹን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ አስተኛናቸው። ነፋስ አልነበረም፤ ከገበያው በኩል የአህያ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከልጆቹ የአንዱ እናት ውሃ ቀድታ ስትመለስ አየችን። እንስራዋን እንኳ ሳታወርድ ጮኸች።

"ኧረ በማርያም! በቀትር ልጅ ሜዳ ላይ ይተኛል? ጋኔን ይልከፈው ብለህ ነው?"

"እዚያ አገር ሁሉም ይተኛሉ፤ ማንም አልተለከፈ" አላት።

"የዚያ አገር ጋኔን ሰነፍ ነዋ! የኛው ሥራውን ያውቃል።"

ወዲያው እናቶቹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ እየተጠራሩ መጡ፤ ልጆቻቸውን ከነእንቅልፋቸው አዝለው ሄዱ። በማግስቱ አንድም ልጅ አልመጣም። ሳምንቱም እንዲሁ አለቀ። ልጅ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል፣ እሱም ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል። ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ልጆቹ የሠሩትን የጭቃ በግ በጣቱ ሲዳብስ አየሁት። እንዳይሄድብኝ ፈራሁ፤ ይህንን ለማንም አልተናገርሁም።

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ።

"እኔም ዘንድ ትንንሾቹ ጋቢዬ ጫፍ ላይ ያንቀላፋሉ። ስም አላወጣሁለትም እንጂ! ችግሩ ከእንቅልፉ አይደለም ልጄ፣ ከቦታው ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አምጧቸው። እዚያ ማን ይደፍራቸዋል?"

"እናቶቹስ እሺ ይሉ ይሆን፣ የኔታ?"

"እሱን ለእኔ ተይው።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ለእናቶቹ ነገሯቸው። ሰኞ ልጆቹ መጡ። ቀትር ላይ ከጥዶቹ ሥር ተደርድረው ተኙ፤ እናቶቹ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አይተው አይተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

"ይህንን እዚያ አላስተማሩኝም" አለኝ መምህሩ፣ ልጆቹ እንዳይነቁ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ቀትር በቀትር አጠገባቸው ተቀምጠን በሹክሹክታ እናወራ ጀመር፤ ስላየው በረዶ፣ ስለ እናቱ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይቆጡ ይሆን?" አለኝ። "አይቆጡም" አልሁት፣ እኔም በሹክሹክታ።

ትዳራችንም በዚያው ድምፅ ሆነ። ልጆቻችን ሲያድጉ፣ "እዚህ ቤት ማን ተኝቷል?" እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ እንዳይነቃ የምሳሳለት ሰው የለም። ስሙን ስጠራው ግን አሁንም ቀስ ብዬ ነው።