ምስጥ የተባለችው ንግሥት

እርጥብ ሰጋቱራ በሸተተኝ ቁጥር ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። አባቴ አናጢ ነበር፤ ከቤታችን ፊት ለፊት በቆርቆሮ በተከለለው መሥሪያ ቦታው አልጋና ቁም ሳጥን ሲሠራ ስለሚውል፣ የግንቦት ዝናብ ጥሎ ሲያባራ የሰጋቱራው፣ የኮላውና የጣውላው ሽታ አንድ ላይ ተነሥቶ ግቢውን ይሞላው ነበር። እናቴ ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ፣ «ይኼ ሰጋቱራ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ይገኛል» ትል ነበር፤ ተገኝቶም ያውቃል።

ዝናቡ ባባራበት አመሻሽ አሸን ይፈላል። ክንፍ አውጥቶ ከመሬት የሚወጣ ነገር ሁሉ ለሰፈራችን ሰው አሸን ነበር፤ ለአባቴ ደግሞ አሸን ማለት ምስጥ ነው፣ ምስጥ ማለትም ደመኛ ጠላት። አንድ ጊዜ ለሙሽሮች የሠራውን ቁም ሳጥን ምስጥ እግሩን በልቶበት በሰፈሩ ፊት ካፈረ ወዲህ፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር በነጭ ጋዝ የተነከረ ጨርቅ ይዞ ግቢውን ሲያስስ ይታይ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት በሞላኝ ግንቦት፣ ክንፏን አራግፋ በቤቱ መሠረት ድንጋይ ላይ ብቻዋን የምትሮጥ አንዲት ትልቅ አሸን አየሁ። ሆዷ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ እግሮቿ የሻይ ቀለም አላቸው፤ በቃ፣ ወደድኳት። በማርማላታ ጠርሙስ ከድኜ ይዣት ልሮጥ ስል አባቴ ከነጨርቁ ደረሰ።

«አምጪያት ሚጡ፣ ምስጥ ናት።»

«ጉንዳን ብትሆንስ አባዬ?»

«ጉንዳን ደግሞ መቼ ይበራል?»

ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አጣብቄ አለቀስኩ። አባቴ የኔን ለቅሶ አይችልም ነበር፤ ትንሽ ተቁነጥንጦ ሲያበቃ ወደ መሥሪያው ገብቶ ሁለት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ስንጥሮች ይዞ ተመለሰ፣ ልክ ጣውላ ሊቆርጥ ሲል እንደሚያደርገው ጠርዛቸውን በእርሳስ አሰመረና ጠርሙሱ ውስጥ ከተታቸው። «እስከ ሰኔ ሚካኤል ትፈተን» አለ፣ «መስመሩን ከነካችው ግን ነጭ ጋዙ እዚሁ አለ።»

ሰኔ በፍርሃት ገባ። ጠርሙሱን ከእርጥብ ጥጥ ጋር በጫማ ካርቶን አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው ነበር፤ አባቴ በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መነጽሩን አድርጎ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙሮ መስመሩን ይመረምር ነበር። እሷ እንጨቱን ቀርቶ እኔ በስርቆት የጣልኩላትን ስኳር እንኳ አልቀመሰችም፤ ይልቅ አንድ ጠዋት ነጭ ጤፍ የሚመስሉ እንቁላሎች ጥላ አገኘናት። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ መስመሩ እንደነበረ ነበር። አባቴ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረምና «ገና አልራባት ይሆናል» ብሎ ቀጠሮ ጨመረ።

ጭንቄ ስለበዛ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሳይንስ አስተማሪያችን ሄድኩ። ቲቸር አጉሊ መነጽር አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ምስጥ እኮ ወገብ የላትም፣ የዚችን ወገብ እዪው እስቲ! ቀንዶቿም እንደ ክርን ታጥፈዋል። ጉንዳን ናት፣ ያውም ንግሥት።»

በደስታ ልዘል ስል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገልጠው ቀጠሉ። «ወገቧ ላይ ያለው ጉብታ አንድ ብቻ ነው። አናጢ ጉንዳን ከሚሏቸው ወገን ትመስለኛለች፤ ዝርያዋን ለመለየት ግን ልጆቿን ማየት አለብን።»

«ለምን አናጢ ተባሉ ቲቸር?»

«እንጨት ቦርቡረው ቤት ይሠራሉ ተብሎ ነዋ!»

የዚያን ቀን መንገድ አላልቅ አለኝ። አባቴ ከመላጊያው ቀና ብሎ «እህስ?» ሲለኝ፣ «ጉንዳን ናት» አልኩና ሌላውን ዋጥኩት።

ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አባቴ ጠርሙሱን ታቅፎ ይቀመጥ ነበር። «እሜቴ» እያለ ይጠራት፣ አልጋ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎችን ሳይቀር «ሳትበላ ሳትጠጣ ልጅ የምታሳድግ እናት ላሳያችሁ» እያለ ወደ ውስጥ ያስገባቸው ነበር። እናቴ «እኔ ልጅ ስወልድ በዚህ ዓይን አላየኸኝም!» ስትለው ሁላችንም እንስቅ ነበር፤ እኔ ግን እሱ በወደዳት መጠን የዋጥኩት ነገር እየከበደኝ ሄደ። በነሐሴ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ ተፈልፍለው በትናንሽ እግሮቻቸው ጠርሙሱን ሲዞሩት አባቴ እንደ ሕፃን አጨበጨበ፤ ያን ጊዜ አልቻልኩም፣ እንባዬን እየጠረግሁ ሁሉንም ነገርኩት።

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ስንጥሮቹን በወረንጦ አውጥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው።

«መስመሩ ይኸው። ሦስት ወር እንጨት አጠገብ ተኝታ ያልነካች ናት። ስም ያወጣላት ሰው እኔን አልጠየቀኝም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ለደንበኛ ‹ይኼ ጣውላ ስንጥቅ አለው› ብዬ የምናገር ሰው፣ የገዛ ልጄ ትደብቀኝ?»

ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። እሱ ግን ብዙም አልቆየም፣ ሳቁ አመለጠው። «አናጢ ከሆኑ ደግሞ በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ይግቡ!»

በመስከረም፣ ለምዝገባ ስሄድ፣ ቲቸር ልጆቿን አይተው በሳይንስ ስሟ ካምፖኖተስ ማኩላተስ የምትባለው ሳትሆን እንደማትቀር ነገሩኝ፤ አፈር ውስጥና ድንጋይ ሥር የምትኖር ዓይነት ናት፣ የቤት ዕቃ አትነካም። አባቴ ስሙን ሦስት ጊዜ ሞክሮ አልሆንልህ ስላለው ወደ «እሜቴ» ተመለሰ። ከአጥሩ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተን፣ እናቴም ከኋላችን ቆማ እያየች፣ ከነቤተሰቧ ለቀቅናት።

አሁን የምኖረው ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያ ግቢም የለም። ባለፈው ግንቦት ልጄ በረንዳችን ላይ ያረፈች ባለ ክንፍ ጉንዳን በስልኳ ፎቶ አንሥታ፣ ጉንዳኗ ሳትበር ስልኩ ያወጣላትን ስም አነበበችልኝና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። ጎበዝ ናት፣ አልወቅሳትም፤ እኔም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ስልክ ቢኖረኝ ያን ሁሉ እንባ ባላፈሰስኩ። ግን «አናጢ ጉንዳን» የሚለውን አባቴ በዚያው አመሻሽ ያነበው ነበር፤ ንግሥቲቱም አታድርም ነበር። ስሟን ሳናውቅ በመቆየታችን ነው የወደድናት።