ኮምፒውተሩ ላባዋን ያነሳ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ላሠራ ፒያሳ ወርጄ፣ ጠጋኙ የአንዲት መጫወቻ መኪና መሪ ሲፈትሽ ትንሽ ሞተር «ዝዝ» አለች። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው ልብ ያላት አልመሰለኝም። እኔ ግን ወሬዬን አቋርጬ ዞርኩ። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ጎንደር፣ የደርግ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲጠጋ፣ የሃያዎቹን ዕድሜ ገና ስጀምር ነው።

ያኔ በአንድ የሙያ ማሰልጠኛ የኤሌክትሪክ ክፍል ረዳት አስተማሪ ነበርኩ። ባልደረባዬ ይርጋ የአዲ አርቃይ ልጅ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሌላው ሱፍና ጫማ በሚያመጣበት ሻንጣ ሽቦና ብረታ ብረት ሞልቶ መጣ። ከዚያ ሁሉ መሐል የክብሪት ሳጥን የምታህል ሞተር ነበረች። ሰርቮ ይላታል። የመጫወቻ አውሮፕላን ክንፍ የምታዞር ናት። እንደ ሌላ ሞተር ዝም ብላ አትሽከረከርም፤ እዚህ ድረስ ዙሪ ሲሏት ትዞራለች፣ ከዚያም ባለችበት ትጸናለች። ይህ ጠባይዋ ነው መሰለኝ ልቤን የወሰደው።

ማሰልጠኛው በእርዳታ ያገኘው ኮምፒውተር ደግሞ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ነበር። አለቃችንን አስፈቅደን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ሲወጡ፣ እኛ እንገባለን። ሐሳባችን ኮምፒውተሩ ሞተሯን እንዲያዛት ነበር። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ፊደላት በአንድ ሽቦ ተራ በተራ የሚወጡበት ቀዳዳ አለ፤ እያንዳንዱ ፊደል ከፍና ዝቅ የሚል ኤሌክትሪክ ሆኖ ይወጣል። ሞተሯ በበኩሏ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ትጠብቃለች፤ ምቱ ረዘም ሲል በአንድ በኩል፣ አጠር ሲል በሌላው በኩል ትዞራለች። እንግዲህ ፊደሉን በደንብ ከመረጥነው ከፍ የሚልበት ቆይታ ራሱ ምት ይሆንልናል አለ ይርጋ። ፊደል ልኮ የሞተሯን ክንድ ማዞር። ይህን የነገረኝ ዕለት እስከ ቤቴ እየሳቅሁ መሄዴን አስታውሳለሁ።

ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልሆነም። እንቅስቃሴዋ ከሩቅ እንዲታይ ሞተሯ ላይ ቀይ የአውራ ዶሮ ላባ ሰክተናል። ፊደሉን ስንልክ ላባዋ በመነሳት ፈንታ ትንቀጠቀጣለች። ፕሮግራሙን ደጋግመን ጻፍነው። ሽቦውን ፈትተን በየድነው። ላባዋ መንቀጥቀጧን አልተወችም።

በዚህ መሐል አባቴ መጣ።

አባቴ የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። መስቀል አልፎ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ በጭነት ማኪና ላይ ተሳፍሮ፣ አቧራ ለብሶ ማሰልጠኛው በር ላይ ቆመ። በእጁ ከማር ጋር የተለወሰ ሰሊጥ በቆርቆሮ ይዟል። ሳየው ሮጬ አቀፍኩት። እሱ ግን ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባ። ጦርነቱ እየቀረበ ነው፣ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ቤት መመለስ አለብሽ አለኝ፤ እናቴም እንቅልፍ አጥታለች። ደግሞም ሰው ነግሮታል፤ ልጅህ የፍርግርግ መስኮት ባለው ክፍል ከአንድ ወንድ ጋር ትውላለች ተብሏል። ማኪናው በማግስቱ ማለዳ ይመለሳል፤ ዕቃዬን ልሰብስብ።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሴት ልጁን እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ነው። ከመሄዴ በፊት ሥራዬን ይዩልኝ ብቻ አልኩት። እሺ አለ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም።

ይርጋ የአባቴን ስም ከእኔ ሰምቶ ነበርና እንዳየው ብድግ ብሎ «አያ ባዩ፣ እንደምን ሰነበቱ» አለና ወንበሩን ለቀቀለት። አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሚስት አለህ?»

«አለችኝ፤ ልትወልድም ደርሳለች።»

አባቴ ትንሽ ተነፈሰና ተቀመጠ። እኔ ፊደሉን ላክሁ። ላባዋ ተንቀጠቀጠች።

«ምነው፣ ወባ ይዟታል?» አለ የቆላው ነጋዴ አባቴ።

ይርጋ ሳቁን አፍኖ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንባዬ ቀርቦ ነበር። እንዲገባው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ኃይሉን ከግድግዳው ያገኛል፣ ሞተሯ ደግሞ ከእነዚህ የሬዲዮ ድንጋዮች። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን ከፍ ያደርጋል፣ እሷ ከፍታውን አይታ ትዞራለች። «ከፍታ ማለት እንግዲህ፣ አባባ፣ ከሆነ ወለል ተነስተው ነው የሚለኩት። የሁለቱ ወለል አንድ ካልሆነ...»

ንግግሬን ትቼ ወደ ሽቦዎቹ ጎነበስኩ። ወለላቸው አንድ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ከራሱ ወለል ይለካል፣ ሞተሯ ከራሷ፤ የሁለቱን ኔጌቲቭ የሚያገናኝ ሽቦ ጨርሶ አልዘረጋንም። ለአስተማሪዎች የሚያሳፍር ነገር ነው። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ሽቦ አንስቼ፣ አንዱን ጫፍ ከድንጋዮቹ፣ ሌላውን ከኮምፒውተሩ ገመድ አሰርኩ።

ላባዋ ረጋች። ሌላ ፊደል ብልክ «ዝዝ» ብላ ቀጥ አለች፣ ቆመችም። ይርጋ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ይርጋ በኋላ እንደ ነገረኝ ዘልዬ አባቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ነበር።

«አሁን እርስዎ ይዘዟት» አልኩትና ወደ ቁልፎቹ አስጠጋሁት። አባቴ ጣቱን በኩታው ጠራርጎ አንዱን ቁልፍ ነካ። ላባዋ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ሌላውን ነካ፤ ወደ ግራ ሄደች። ከዚያ ማን ያቁመው። ትልቅ ሰው መሆኑን ረስቶ ቀኝ፣ ግራ፣ መሐል ያስኬዳት ጀመር።

«ሸጋ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከላባዋ ሳይነቅል። ማሩና ሰሊጡ ተከፍቶ ሦስታችንም በጣታችን በላን።

በማግስቱ ማለዳ ልሸኘው ማኪና መቆሚያው ሄድኩ። ዕቃዬን አልጠየቀኝም። ጋቢናው ላይ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ አለና፣ «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ፤ ወረቀት ላኪ፣ አታቋርጪ» አለኝ። ማኪናው ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርድ ባሕር ዛፉ እስኪጋርደው ቆሜ አየሁት።

ኋላ እንደሰማሁት ሳንጃ ገበያ ላይ ለሰው ሁሉ፣ ልጄ ሩቅ ሆና ዕቃ ታዛለች ብሎ አውርቷል፤ ሽቦው አንድ ክንድ እንኳ እንደማይሞላ ግን አልተናገረም። ጦርነቱም መጣ፣ መንገዱም ለጊዜው ተዘጋ፣ ተከፈተም። እኔ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ።

ለብዙ ዓመታት አባቴን ያሸነፈችው ያቺ ሞተር ትመስለኝ ነበር። አሁን እኔም ሴት ልጅ አሳድጌ፣ ከቤት ርቃ እንድትሄድ ፈቅጄ ስመለከተው፣ ሐሳቡን የቀየረው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቀኛል፤ እንደዚያ ስደሰት ግን ያየኝ ያን ቀን ነው።