የነከስኩት እጅ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ፣ እዚሁ አዳማ ነው። ሰው ውለታ የዋለለትን እጅ ይስማል፤ እኔ ልጄን ከሞት ያወጣውን እጅ ነክሻለሁ። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ የማይጠፋው።

የምሠራው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ስፌት ቤት ነው። ለሌላው ክረምት የእረፍት ጊዜ ይሆናል፤ እኛ ግን ከማሽኑ ላይ ቀና የማንልበት ወቅት ነው። ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። አዳማ ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው ጥዬ ሳልፍ ደስ ይለኛል። በበጋ ከንፋሱና ከአቧራው በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። እርግጥ ሰው አፉን አይዝም። ባጃጅ ነጂዎቹ «እህት፣ ታርጋ አውጪላት እንጂ» ይሉኛል። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ የልጅ እናት ቀሚሷን ሰብስባ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ማየት ዓይኗን እንደሚያማት ነግራኛለች። እኔም ዓይንሽን ታከሚ ብያታለሁ።

ክረምት ሲገባ ጨዋታው ይለወጣል። ዝናቡ ከተማው ላይ ባይጥል እንኳ ዙሪያውን ካሉት ኮረብታዎች ላይ ከጣለ ጎርፉ ሰተት ብሎ ይመጣል። ጫማዬ ላይ ፌስታል አስሬ፣ ኮርቻውን በላስቲክ ሸፍኜ ነው የምወጣው። ፍሬኑ ከራሰ አይዝም። አንድ አይሱዙ አጠገቤ ካለፈ ጭቃ ለብሼ እደርሳለሁ።

በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ሲፈን ትጨመርብኛለች። ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከሞጆ ጅቡቲ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ አስቀምጬ እናቴ ቤት አደርሳትና ወደ ሥራዬ እቀጥላለሁ። እንዳትወድቅብኝ በሻርፕ ከወገቤ ጋር አስራት ነበር፤ ቋጠሮው ሆዴ ላይ ይሆናል። ልጅ ማዘል ያደግንበት ነገር ነው፤ ብስክሌት ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

የዚያን ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቶ ነበር። የሁልጊዜ መንገዴ ላይ ስደርስ ጎርፉ ድንጋይና ጭቃ ቆልሎበት ሰው ቆሞ ያያል። አሠሪያችን ከዚያ በፊት ባለው ቀን «ከእንግዲህ ያረፈደች ማሽኗን ለሌላ ትለቃለች» ብላ ስለነበር ቆሜ ማየት አልፈለግሁም። ዞሬ በማላውቀው የውስጥ መንገድ ገባሁ።

እዚያም ውሃ ነበር። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። ደፍራሽ ስለሆነ ሥሩ አይታይም፤ ጥልቀቱ ግን ከጎማው ግማሽ አይበልጥም። ከፊት ለፊቴ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ውሃው ውስጥ ቆሟል።

አገራችን ውስጥ መንገድ የሄደ ሁሉ ቅርንጫፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መኪና ሲበላሽ መንገዱ ላይ ቅጠል ይጣላል። የቱቦ ክዳን ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ የሰፈሩ ሰው ቅርንጫፍ ይተክልበታል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ግን ከትራፊክ መብራት ይበልጥ እናምነዋለን። እኔም አምኜ፣ ጉድጓዱ እዚያ ጋ ነው አልኩና መሪዬን ወደ ግራ አዞርኩ። ሲፈንንም «ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ» አልኳት።

ጉድጓዱ ግራ ላይ ነበር። ቅርንጫፉን ሌሊት ጎርፉ ነቅሎ ወስዶ ሌላ ቦታ ድንጋይ መሃል ሰክቶት ኖሯል።

የፊት ጎማው ከሥሬ ጠፋ። ወደ ፊት ተወረወርኩና ከወገቤ በታች ያለው አካሌ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ብስክሌቱ ተጋድሞ መሪው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰነቀረ፤ በሁለት ክንዴ እሱን አቀፍኩት። ውሃው ዙሪያዬን እየተሽከረከረ ወደ ቱቦው ይገባል። እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። ከታች ሰው ቀሚሴን ይዞ የሚጎትተኝ ነበር የሚመስለኝ። ሲፈን በጀርባዬና በጉድጓዱ ሲሚንቶ መሃል ተጣብቃ ትጮሃለች። ውሃው አገጯ ድረስ መጥቷል፤ ከፍ ባለ ቁጥር አፏ ውስጥ እየገባ ጩኸቷን ይቆርጠዋል።

መሪውን ብለቅ ሁለታችንም እንገባለን። ካልለቀቅሁ ደግሞ ቋጠሮውን መፍታት አልችልም። አንድ እጄን አንስቼ ሞከርኩ፤ ወዲያው ሸተት አልን፤ መልሼ ያዝኩ። «እማዬ፣ ውሃ ጠጣሁ» አለችኝ። ኡኡታዬን ለቀቅሁት። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእኔ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ የደረሱልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በኋላ እንደሰማሁት ከወንጂ በኩል ሸንኮራ እያመጡ እዚያ ጥግ ላይ በጋሪ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃውን እየጣሱ መጡና ብብቴን ይዘው ሳቡኝ። አልተነቃነቅሁም። ደግመው ሲስቡ ሲፈን ሲሚንቶው ላይ ተጨፈለቀችና ትንፋሽ አጠራት።

«መጀመሪያ ልጅቷ ትውጣ» አሉ። «ሻርፑን ፍቺው።»

«አልችልም አባባ። እጄን ከለቀቅሁ እንገባለን።»

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ ልጄ» አሉና ከወገባቸው ቢላ መዘዙ።

ሸንኮራ የሚመለምሉበት ረጅም ቢላ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቢላውን ብቻ ነው። ልጄን ከእኔ ጋር ያቆያት ያ ሻርፕ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ውሃው ይወስዳታል። ሌላ ሐሳብ በጭንቅላቴ አልነበረም። «አይቁረጡት፣ በእናትዎ አይቁረጡት» አልኳቸው። ግራ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አሳልፈው የሲፈንን ልብስ ከማጅራቷ ጨምድደው ያዙ፤ ቢላውን በጎኔ በኩል ውሃው ውስጥ ሰደዱት።

ሁለት እጄ ስለተያዘ የቀረኝ ጥርሴ ነበር። አገጬን ወደ ትከሻዬ አዙሬ ግራ እጃቸውን ነከስኩት። እንደው ለማስፈራራት አልነበረም፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የነከስኩት። የደም ጣዕም አፌ ውስጥ መጣ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ጀርባዬ ቀለለኝ።

ሲጫነኝ የቆየው የልጄ ክብደት በአንድ ጊዜ ጠፋ። ገባች አልኩ። ልጄ ቱቦው ውስጥ ገባች። ዞሬ ማየት አልችልም። መሪውን ለቅቄ ልከተላት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አንዱን ክንዴን አንስቼ ነበር። ያን ጊዜ ከበላዬ ሳል ሰማሁ። ሲፈን ነበረች። ሳሏን ስትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። ልጄ ስታለቅስ ደስ ያለኝ የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

ከዚያ እኔን ባጃጃቸውን አቁመው የመጡ ሁለት ወጣቶች ጎትተው አወጡኝ። ብስክሌቱንም አወጡት፤ የፊት ጎማው ተጣሟል። አንዲት የሱቅ ባለቤት ሲፈንን ደረቅ ልብስ አልብሳ ደረቷ ላይ አቅፋታለች። ከወጣቶቹ አንዱ «ቅርንጫፉን አላየሽም እንዴ?» አለኝ በቁጣ። በጣቴ አሳየሁት። የቆመበትን ቦታ አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ ሄዶ ቅርንጫፉን ነቀለና ጉድጓዱ ጋ ተከለው።

ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ጨምቀው ይዘውታል፤ በጣቶቻቸው መሃል ደም ይንጠባጠባል። ልጄን ተቀብዬ ቀና ስል ሄደዋል።

የዚያን ዕለት ሥራም አልገባሁ፣ እናቴ ቤትም ምንም አልቀመስኩ። በማግስቱ ፈልጌያቸው ሄድኩ። ጋሪያቸው የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም። እጃቸው አመርቅዞ ይሆን? እሳቸው የሚኖሩት በእጃቸው ሠርተው ነው፤ ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። የሱቋ ባለቤት ኦቦ ገመቹ እንደሚባሉና ቤታቸው ሩቅ እንደሆነ ከመንገር በቀር የምታውቀው አልነበራትም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አገኘኋቸው። እጃቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሌላው ሸንኮራ ይደረድራሉ። ሲፈንን ይዣት ነበር። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

«አባባ፣ በደልኩዎት» አልኳቸው።

«ባትነክሺኝ ነበር የሚገርመኝ» አሉ። «እናት አይደለሽ? ቢላ ይዞ ለመጣ ሰው ልጅሽን እንካ ልትይው ነው?»

እኔ ማልቀስ ስጀምር እሳቸው ሳቅ አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ።

«ልንገርሽ? ቢላው ውሃ ውስጥ ነው፣ አይታየኝም። ሻርፑን ልቁረጥ ልጅቷን ልቁረጥ አላውቅም። ቢላ የያዘው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስትነክሺኝ ሕመሙ ያንን ሁሉ አስረሳኝና መንቀጥቀጡ ተወኝ። ከዚያ ነው የቆረጥኩት።»

ምን ይባላል? «ገላቶማ» አልኳቸው። በአማርኛም አመሰግናለሁ ብዬ ደገምኩላቸው። አነሰብኝ። ዛሬም ባገኘኋቸው ቁጥር ያንስብኛል። የአውራ ጣታቸው ሥር የጥርሴ ምልክት ቀርቷል፤ ሸንኮራ ሲሰጡኝ ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ደግሞ ሳየው ሲያዩኝ ጨዋታ ይለውጡልኛል።

ባለቤቴ ብስክሌቱን እንሽጠው ብሎ ነበር፤ እንቢ አልኩ። ጎማው ተቀይሮ አሁንም እሄድበታለሁ። ውሃ ካየሁ ግን እወርዳለሁ፤ ካረፈድኩም አረፍዳለሁ፤ አሠሪያችንም የሆነውን ከሰማች ወዲህ ማሽንሽን ልቀቂ አላለችኝም። ሲፈንንም ማሰር ትቻለሁ። አሁን ስላደገች በሁለት እጇ ወገቤን ይዛ ትቀመጣለች።

አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም። እየነዳሁ ከኋላዬ ዝም ካለች ያ ጀርባዬ የቀለለበት ጊዜ ይመጣብኛል። «አለሽ?» እላታለሁ። «አለሁ» ትለኛለች። ትንሽ ሄድ ብዬ ደግሜ እጠይቃታለሁ። ባለፈው «እማዬ፣ ሰለቸኝ እኮ» አለችኝ። ይሰልቻት።