በአባቴ መዝገብ ክፍት የቀሩ ቀናት

የማዕረግ እድገት የሚፈልግ መምህር የጻፋቸውን ጥናቶች ዘርዝሮ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ስንት ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሰ ሞልቶ ያቀርባል። እኔ ዝርዝሬን ያዘጋጀሁት ለኢድ መካነ ሰላም አባቴ ቤት በገባሁ ሰሞን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ይዋሻል! ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ሙቀትና ስለኛ በልግ የጻፍኩት ጥናት ከሁሉም በልጦ ተጠቅሷል። ያለ እሱ እድገቱን አላልመውም ነበር።

አባቴ ቁርኣን ያስቀራሉ። የዝናብ መለኪያ ጓሯችን ሲተከል ማለዳ የሚነሳ፣ ቁጥር የማይስት ሰው ተፈልጎ ንባቡ ለሳቸው ተሰጠ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የወረደውን አይተው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። የጥናቴ ግማሽ የባሕሩ ሙቀት ነው፣ ግማሹ የሳቸው መዝገብ።

«ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?» አሉኝ ዝርዝሬን አይተው።

«ሌሎች ምሁራን የኔን ጥናት ስንት ጊዜ እንዳነሱት ነው፣ አባ።»

ሳቅ አሉ። «እንግዲያ እናንተም እንደኛው ናችሁ! እኛም የነቢዩን ሐዲስ ስናስተላልፍ እገሌ ከእገሌ ሰማ፣ እሱም ከእገሌ እንላለን። ዋናው መጀመሪያ ላይ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ካልታመነ የተከተለው ሁሉ ከንቱ ነው። ያንተስ የመጀመሪያው ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ፊታቸው በራ። «ስሜ የቱ ጋ ነው ታዲያ?»

ኧረ እኔ ልፈር! ያመሰገንኩት መዝገቡን የሰጠኝን መሥሪያ ቤት ነበር። «ውስጥ አለ» ብዬ ጥናቱን አውጥቼ ገጹን ቶሎ ቶሎ ገለጥኩ። እንግሊዝኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ።

ቁጥር ግን ያነባሉ። የዝናቡን ሰንጠረዥ በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው አንድ ዓመት ላይ ቆሙ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ በልግ ጭራሽ የቀረበት ዓመት ነው፤ እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ስለነበርኩ አላየሁትም።

«ይኼን ዝናብ ከየት አመጣኸው?»

«የዚያ በልግ ቦታ መዝገቡ ላይ ሳይሞላ ክፍት ነበር። ሳያነቡ የቀሩ መስሎኝ በሌሎቹ ዓመታት አማካይ ሞላሁት። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ከዝናብ ዱዓ የሚመለሰው ሰው በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ‹እባክዎ ሸህ፣ ዜሮ ብለው አይጻፉብን፤ ከአላህ ራህመት ተስፋ መቁረጥ ነው› አሉኝ። ወላሂ፣ ያልወረደ ዝናብ ጽፌ መዋሸትም አልቻልኩ። ቀኑን እየጻፍኩ ቦታውን ተውኩት። የሚያየው ሰው ይገባዋል ብዬ።»

ምን ነካኝ እኔ! እናቴን በቀበርንበት ቀን እንኳ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከለቀስተኛው መሃል ተነሥተው መለኪያውን ያነበቡ ሰው ይቀራሉ ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? ያን ድርቅ በእጄ አጥፍቼ፣ ባሕሩ ቢሞቅም የኛ በልግ አይቀርም ብዬ ጻፍኩ። ስንቱ አምኖ ጠቀሰኝ። አንዱማ እኔን ጠቅሶ፣ ለጎረቤቶቻችን ለከላላና ለወግዲ ወረዳዎች የመጠባበቂያ ዘር አያሻም እስከማለት ደርሷል።

«መልሰህ ጻፍላቸው» አሉ።

«እድገቴ ይቀራል። ቦታውን ክፍት ስለተዉ የርስዎም ስም በክፉ ይነሳል።»

«ስሜንማ እስካሁንም አላሳየኸኝ» አሉና ደጅ ቁርኣን ወደሚቀሩት ደረሶቻቸው ወጡ።

አንድ ወር ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? እድሜዬን የደከምኩበት ነገር ነው፤ ፈራሁ። በመጨረሻ ጥናቱን ላሳተመው ጆርናል ጻፍኩ። አንባቢው አንድም ቀን እንዳልቀሩ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ ገልጬ፣ የሳቸውን ሙሉ ስም አስገብቼ ላክሁ። እርማቱ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ወጣ። እድገቱም እንደፈራሁት ቀረ።

በዓመቱ ለኢድ ስመለስ የእርማቱን ገጽና አዲሱን ዝርዝሬን ይዤላቸው ሄድኩ። ስማቸው የቱ ጋ እንዳለ አሳየኋቸው፤ ጣታቸውን አሳርፈውበት ቆዩ።

«ይኼንንስ ስንት ሰው አነሳው?»

የተሳሳተው ጥናት ያን ዓመትም ሲጠቀስ ነበር የከረመው። እርማቱን ግን አንድም ሰው አላነሳውም። ዜሮ ልላቸው አቃተኝ። ዝርዝሩን ሰጠኋቸው። ከእርማቱ ጎን ያለውን ቦታ ሳልሞላ ትቼው ነበር። አባቴ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።