የዓርብ ስልክ ከካይሮ

ባለቤቴ ዓርብ ከምሳ በኋላ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም ነበር። ወደ ካይሮ የሚደውልበት ሰዓት ነው። ወዳጁ ድሮ እዚሁ ነፋስ ስልክ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብሮት የሠራ ግብፃዊ መካኒክ ነው። አረብኛውን ከእሱና ከግብፅ ፊልሞች ለቃቅሞ ተማረ። በግድቡ ነገር ሲጯጯሁ የተጣሉ ይመስለኝ ነበር፤ መጨረሻው ግን ሁልጊዜ ሳቅ ነበር። «መንግሥታቱ ይጣሉ፣ እኛ ሥራ አለብን» ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ የካይሮው ወዳጁ ነበር። ልጃችን መርዶውን በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሰውየው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አጠገባችን ላሉት ሁሉ ተሰማ። በየእሁዱ ቤታችን እየመጣ፣ ባለቤቴ እየተረጎመለት የግብፅ ፊልም ሲያይ የኖረው ጎረቤታችን፣ «ለጓደኛው ነው ወይስ ለውሃው?» አለ። ለቀስተኛው ሳቀ። በዕድር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው የሞተበትን ቤት ንፍሮ እያኘኩ ሳቁ።

አርባው ሳይወጣ ያው ጎረቤት እሁድ በሩን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ብቻሽን ከምትቆዝሚ ፊልም ብንከፍትስ?»

«ማን ሊተረጉምልዎት?» ብዬ በሩን ዘጋሁት።

ዓርብ ዓርብ ስልኩ አሁንም ከካይሮ ይጠራል። ሰውየው ድሮ ከለመዳት አማርኛ ብዙ አልቀረለትም፤ እኔም አረብኛ አልችልም።

«እንዴት ነሽ?» ይለኛል።

«ደህና» እላለሁ።

ከዚያ ባለቤቴ ይጮህበት የነበረውን ያህል ጊዜ፣ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ዝም ብለን እንቆያለን።