የሁዳዴ ኪምቺ

ኮሪያ የዘመተው የእኔ አባት ነው፤ አገሩን ዞራ ያየችው ግን ጓደኛዬ።

ጓደኛዬ እዚህ ውጭ አገር፣ ሆሎዌይ በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ ናት። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በቡድን ሄዳ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ስትጎበኝ ሰነበተች። በየቀኑ ፎቶ ትልክልኛለች፤ አንዴ የአገሩን ቀሚስ ለብሳ፣ አንዴ ሃያ ትንንሽ ሳህን ፊቷ ተደርድሮ። ከቅናቴ የተነሣ ለአንዱም አልመለስኩላት። «የአባትሽን ስም ከነአያትሽ ላኪልኝ» ስትለኝም አልላኩላትም። ምን አገባት?

ከተመለሰች በኋላ፣ አንድ የሁዳዴ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በበርበሬ የተብላላ ጥቅል ጎመን በብልቃጥ ይዛ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ታዞር ጀመር። እዚሁ ከኮሪያ ሱቅ የገዛችው ኪምቺ ነው። «ጎመን ብቻ ነው፣ የጾም ነው» ትላለች። ሁሉም ከብቧት ስለ ኮሪያ ይጠይቃታል። እኔን፣ የዘማቹን ልጅ፣ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ብልቃጡን አንስቼ ጀርባውን አነበብኩት። የዓሣ መረቅ አለበት። በጆሮዋ ሹክ ልላት እችል ነበር። እኔ ግን ጎኔ ለተቀመጡት አሮጊት፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «እማማ፣ ይትፉት! ዓሣ አለበት!» አልኩ።

ሰው ሁሉ ሳህኑን አስቀመጠ። ጓደኛዬ በድንጋጤ ብልቃጡን ከድና አጠገቤ ቁጭ አለች። ስልኳን አወጣችና ያልላከችልኝን አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ኮሪያ ባለው የዘማቾቻችን ሐውልት ሥር የተቀመጠ፣ ካርድ የታሰረበት አበባ ነው።

«ከቡድኑ ተነጥዬ ሄድኩ» አለችኝ። «ስሙን ስላላክሽልኝ፣ ‹ለጓደኛዬ አባት› ብዬ ጻፍኩበት።»