ከአሸተን የሚታየው ሐይቅ

ሰውአገኝ ባለበቅሎ ነው። ላሊበላን ሊያይ የመጣ እንግዳ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ጨርሶ «አሸተን ማርያም ልውጣ» ሲል፣ ዳገቱ ጉልበቱን ሳይፈታው እግሩን እርካብ ላይ የሚያስገባለት እሱ ነው።

ተራራው ላይ ሲደርሱ አስጎብኚው ሸለቆውንና አምባውን በየስሙ ይጠራል። ሰውአገኝ በቅሎዋን እንደያዘ ተራውን ይጠብቅና፣ ከሸንተረሮቹ ማዶ ነጣ ብሎ የተኛውን ነገር በአለንጋው ይጠቁማል።

«ያ ደግሞ ሐይቅ ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። የሚስቴ አገር።»

እንግዳው ፎቶ ያነሳል፤ ደስ ብሎት ይወርዳል። የነጣው ነገር የጠዋት ጉም መሆኑን ባለበቅሎ ሁሉ ያውቃል። ጓደኛው አለሜ እሱ እስኪወርድ ጠብቆ «ሐይቁ ዛሬ አለ?» ይለዋል።

«አለ። ረፈድ ሲል ግን ተነሥቶ ይሄዳል።»

እውነተኛውን ሐይቅ ሰውአገኝ አይቶት አያውቅም። ሚስቱን ሽታዬን ያገኛት ወልዲያ ገበያ ነው። «አገሬ ውሰደኝ» ስትለው፣ ልጅ ሲወለድ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲመጣ፣ «የዛሬ ዓመት» እንዳለ ሁለቱም ሸበቱ።

ዘንድሮ የሽታዬ ዐይን ደከመ። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አላት። ከሐኪም ቤት መጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ተናገረች።

«በቅሎዋን ነገ ለእንግዳ እንዳትሰጥ።»

«ለምን?»

«አሸተን አውጣኝ። ለፈረንጅ ሁሉ የምታሳየውን ሐይቅ እኔ የአገሩ ልጅ ሳላየው ልታወር?»

ወፍጮ ቤት ከአለሜ ሚስት ሰምታ ነው። ላሊበላ ውስጥ ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል፤ ችግሩ ቀልዱ መንገድ ላይ ይወድቅና ወሬው ብቻውን መድረሱ ነው።

በማግስቱ በቅሎዋ ላይ አወጣት። ዳገቱን ሙሉ የሚናገረውን ቃል ሲፈልግ ሳያገኝ ደረሱ። ጉሙ እንዳይኖር ለማርያም ተስሎ ነበር፤ ጉሙ ግን በቦታው ተኝቷል።

«የት ነው?» አለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጥላ አድርጋ።

አለንጋ የያዘ እጁ ለምዶበት ራሱ ተነሣ። ሽታዬ ወደዚያ አየች፣ አየች፤ እንባዋ ወረደ።

«ነጣ ያለው ነው አይደል? ታንኳ ይታይሃል?»

እጁ ወደቀ። «ሽታዬ፣ ሐይቅ አይደለም። ጉም ነው። ሐይቁ ከዚህ አይታይም፤ ታይቶም አያውቅም።»

በቅሎዋ ጆሮዋን አራገፈች። ሽታዬ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ፈረንጆቹስ አገራቸው ገብተው ይረሱታል» አለች። «እኔ ግን አልቅሼለት ነበር። አውርደኝ።»

በቅሎዋን እየሳበ ቁልቁለቱን አወረዳት። ከታች ሲደርስ ልጓሙን ለአለሜ አስጨበጠው።

«ምነው፣ ሐይቁ ዛሬም ተነሥቶ ሄደ?» አለ አለሜ። የሰውአገኝን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«እውነተኛውን አሳይቻት እስክመለስ በቅሎዋን ያዝልኝ» አለው ሰውአገኝ።

በአውቶቡስ ወረዱ፤ ወልዲያ አድረው በማግስቱ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ደረሱ።  ሰውአገኝ ስንት ዓመት ለሰው ሲያሳየው የኖረው ነገር በአለንጋ ጫፍ የሚጠቆም አልነበረም፤ ተራሮቹን ከነደመናቸው ገልብጦ ይዟቸዋል። አሁን አስጎብኚዋ ሽታዬ ሆነች።

«ወደዚያ ገዳሙ ነው፤ ሴት አትገባም። በዚህ በኩል አባቴ ታንኳውን ይገፋ ነበር።» ድምፅዋ ግን አላመነም። ለእሷ ዐይን ይሄም ያው ነጣ ያለ ነገር ነው፤ ከአሸተኑ ጉም የሚለይበት የለም።

«ዳር ላይ ዋርካ አለ፤ ቅርንጫፉ ውሃው ላይ የተኛ። ከሥሩ ነው ያደግሁት። ይታይሃል?»

ሰውአገኝ አየ። ዋርካ የለም። ጉቶው ባለበት ግንብ ቆሟል፤ ከግንቡ ሥር ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። «አለ» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ቀለለችው።

«የለም ሽታዬ» አላት። «ቆርጠውታል። ግንብ ሠርተውበታል።»

 ጣቶቿ ክንዱን ፈልገው ያዙት።

«ዋርካውን ሳትዋሸኝ የለም ካልከኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንግዲያስ ይሄ የሚያበራው እውነትም ውሃው ነው።»

ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ከጎኗ። ነጣ ያለው ነገር እስኪመሽ ድረስ ተነሥቶ አልሄደም።